ሃምሳ ስምንት ኪሎ

«ሸራውን ሰፍታ ሳትጨርስ እንዳትነግራት።»

እንዲህ ያለችው እናቷ ናት። ሐዋ ከግቢው ቧንቧ ውሃ ቀድታ፣ ጀሪካኑን አንጠልጥላ፣ አንድ እግሯን ውስጥ አንድ እግሯን ውጭ እንዳደረገች ነው ከመጋረጃው ጀርባ የሰማቻት። «እሺ እማ፣ ዛሬ ትጨርሳለች። ከጁምዓ በኋላ እነግራታለሁ» አለ ወንድሟ ሙናዊር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የጀሪካኑ ክዳን ልል ነበርና ውሃው ነጠላ ጫማዋ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ምኑን ነው የማይነግረኝ? ሰው በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ቆሞ ሲያዳምጥ ምን ይባላል! ሐዋ ማዳመጥ የሚያሳፍራት ሰው ናትና ጉሮሮዋን ጠረገች። ወዲያው ከመጋረጃው ወዲያ የሽንኩርት ወሬ ተጀመረ። ሽንኩርት ለዓውደ ዓመት ሁለት ብር ከሃምሳ ገብቶ ነበር፣ ዛሬ ግን ሳይወርድ አይቀርም፣ ምናምን። ያ ቤት ከተሠራ ጀምሮ በጠዋቱ አንድ ሰዓት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራበት ሰው የለም።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ዓርብ። ቤቱ ከሸራ ተራ ጀርባ ያለ፣ በወር አሥራ አራት ብር ለቀበሌ የሚከፈልበት ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። በአንዱ ክፍል እናትና ሴት ልጅ፣ በሌላው ሙናዊር ይተኛሉ። በሙናዊር አልጋ ራስጌ አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደ ብርቱካንማ የዋና ሰደርያ በሚስማር ተሰቅሏል። ከጎኑ ግድግዳው ላይ ተተርትሮ የተዘረጋ የሲሚንቶ ከረጢት ተለጥፏል። ከረጢቱ ላይ በከሰል የተሳለው የአዋሽ ወንዝ ነው፤ በረሃው ውስጥ ወደ ገደል ከሚገባበት ጀምሮ ከገደሉ እስከሚወጣበት፣ በጀልባ የአምስት ቀን መንገድ። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ድንጋይ፤ እዚህ ጀልባው በትከሻ ይሄዳል» ይላል። ሁለተኛው ቀን ላይ «ፍል ውሃ፤ አዞ አለ፣ እግር አይነከርም» ይላል። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ዘንባባ ተስሎ ከሥሩ አንድ ስም ብቻ ተጽፏል፦ ጠሃ።

ጠሃ አባታቸው ነው። ሽርጥና ሻይ ቅጠል ይዞ ወደ አፋሮች የሚወርድ ነጋዴ ነበር። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ገደሉ ውስጥ ወባ ጣለው፤ የመኪናው ሾፌር የነበሩት ጋሽ ካሳ ከሁለት አፋር እረኞች ጋር ሆነው ከዘንባባው ሥር፣ አሸዋው ላይ ቀበሩት፤ ከረጢቱ ላይ ዘንባባውን የሳሉትም እሳቸው ናቸው። በተከታዩ ክረምት ወደዚያ የሚያወርደው የፍየል መንገድ ተናደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጠሃ የሚደርሰው ወንዙ ብቻ ነው፤ ከራስጌው የቆመ ሰውም የለም። በዒድ ማግስት ጎረቤቱ ሁሉ ሙታኑን ሊጠይቅ ወደ መቃብር ሲሄድ፣ ሐዋ ቤት ቀርታ ያልቆሸሸ ዕቃ ታጥባለች። የት ትሂድ? ማንን ትጠይቅ?

መጋቢት ላይ ነው ሙናዊር ወሬውን ይዞ የመጣው። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ፈረንጅ እንደ ልብ ይመጣል፤ ሙናዊር ደግሞ ቋንቋ ለምዶ ፈረንጅ ይዞ ይዞራል። አራት ፈረንጆች በአዋሽ ገደል ውስጥ እየቀዘፉ መውረድ ይፈልጋሉ፣ ጀልባ የሚሠራላቸውና መንገድ የሚያሳያቸው አጥተዋል አለ። «እታለም፣ አንቺ የጀልባውን ወለል ስፊልኝ። ከፊት አስቀምጬ አባባ ጋ አደርስሻለሁ» አላት። እሷ የአሥር ዓመት ታላቁ ናት፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ደግማ አልጠየቀችውም፤ ለወንድም ቃል ምስክር የሚጠራ አለ እንዴ? ሸራ ተራ ካለው ሱቋ ምርጡን ሸራ አወጣች፣ ሜትሩን ሃያ ሁለት ብር የምትሸጠውን፣ ድርብ አድርጋ። ከሰኔ ጀምሮ የደንበኛ ሥራ ስትጨርስ የጀልባውን ወለል ትሰፋለች። ለመንገድ የሚሆን በሶም ፈጭታ፣ ነፍታ፣ በማዳበሪያ አስቀመጠች።

የጉዞው ዕቅድ የወጣው ደግሞ መርካቶ ውስጥ ነውና መርካቶኛ ነው የወጣው። እዚህ ሰፈር የሚያውቁት ጭነት ነው። አሥራ ሁለት የከባድ መኪና ከመነዳሪ፣ ያው የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ነፍተው ከባሕር ዛፍ አጠና ጋር አሰሩና ሐምሌ ላይ ቢሾፍቱ ወስደው ሐይቁ ላይ ጣሉት፤ የጤፍ ጆንያ እየደረደሩበት ጭነት ለኩ። ሰባተኛው ኩንታል ላይ ውሃው አጠናውን ነካ። በቃ፣ ሰባት ኩንታል፤ ከዚያ በላይ አንድ ኪሎ የለም። ስለዚህ የሚሄደው ሁሉ፣ ሰውም ዕቃም፣ እህል በረንዳ ጠይብ ሚዛን ላይ መውጣት ነበረበት። ጠይብ የሚዛን ሰው ነው፤ በሱ ሚዛን የተመዘነ ነገር ሦስት ጊዜ በጩኸት ይጠራል። ሦስተኛው እስኪጠራ ዕቃው የባለቤቱ ነው፣ ሐሳቡን ቀይሮ ቢያነሣው የሚከለክለው የለም። ሦስተኛው ከተጠራ ግን አለቀ፣ ካርቶን ላይ ይጻፋል፣ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ካላሰረዘ በቀር ማንም አይነካውም። እህል በረንዳ ስንት ሚሊዮን የሚሸጠው በዚህ ነው።

ሐዋ የተመዘነችው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነበር። ጫማዋን አውልቃ በሁለት የስንዴ ጆንያ መካከል ቆመች። ጠይብ መዶሻ የሚያክለውን የሚዛን ድንጋይ እየገፋ፣ «ሐዋ ጠሃ፣ ሃምሳ ስምንት! ሃምሳ ስምንት! ሃምሳ ስምንት!» ብሎ ሲጮህ ሽምብራ የሚነፉት ሴቶች ሳቁባት። «ወፈር በይ እንጂ፣ በረሃ እኮ ነው የምትወርጂው!» አሏት። እሷም ሳቀች። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኪሎዋን አታውቅም ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ስምንት እያለች ነው የሄደችው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

እንግዲህ ዛሬ ይህቺ ሴት ናት «እንዳትነግራት» የተባለባት። ሻይዋን ቆማ ጠጣች። እናቷ ማሂራ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠቻት፤ ዓይኗን ግን አልሰጠቻትም። ሞራ ከጀመራት ወዲህ እናቷ ሰው የምታየው ፊቷን አስጠግታ ነው፤ ዛሬ ግን ግድግዳውን ነው የምታየው። ሙናዊር «እታለም፣ ዛሬ ያልቃል አይደል?» አላት። «ያልቃል» አለችው። «ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው ይመጣል» አለ። «አውቃለሁ» አለች። የጎረቤት ሬዲዮ እንኳን አደረሳችሁ እያለ ይዘፍናል። ሐዋ አንድ ነገር ቢነግሯት ብላ ዳቦዋን እስክትጨርስ ጠበቀች፣ ሁለተኛውንም ቆርሳ ጠበቀች፣ የሚናገር ስላጣች ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ሸራ ተራ የዓውደ ዓመት ማግስት ስለሆነ ግማሹ ሱቅ አልተከፈተም። ሐዋ የስፌት መኪናዋን አስነሥታ የመጨረሻውን ጠርዝ ገባችበት። ስትሰፋ ታስባለች፤ ስታስብ ደግሞ ለሰው ሁሉ ምክንያት መፈለግ ትወዳለች፣ ይኸው ነው ጥፋቷ። ምናልባት ቀኑ ተገፍቶ ይሆናል። ምናልባት እናቴ ደም ግፊቷ ተነሥቶ ትቅርብኝ ብላ ይሆናል፤ እሱን ለምኜ አሳምናታለሁ። ምናልባት ስጦታ ገዝተውልኝ ይሆናል! አይ ሐዋ! ይህን የመጨረሻውን ራሷም አላመነችውም፤ ብቻዋን ፈገግ አለችና መርፌው ጣቷን ሳይበላት እጇን ሰበሰበች። መኪናው የማይደፍረውን ወፍራሙን ጥግ በወስፌና በሲባጎ በእጇ ሰፋችው፣ ቀዳዳውን ሁሉ በሰም ደፈነችው። ከፈለገች አላልቅ ብሎኛል ማለት ትችል ነበር። ግን ያ ሸራ ውሃ ላይ የሚሄድ ነው፤ ወንድሟ የሚቀመጥበት ነው። ክር ላይ ቂም አታውቅም።

ከስፌት መኪናዋ እግር ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ድንጋይ አለ። የራስጌ ድንጋይ ነው፤ ከፊል ጥቁር፣ እንደ ትልቅ ዳቦ ክብ፣ አንድ ፊቱ ተልጎ ስም የተቀረጸበት። ጠራቢው የሚያስከፍለው በፊደል ነበር፣ ፊደሉን ስድስት ብር። «የማን ስም ነው?» ሲላት «ጠሃ ሽፋ» አለችው። ጠራቢው በጣቱ ቆጥሮ፣ «አራት ፊደል ብቻ? አባትሽ ለሰው አሳቢ ነበሩ ማለት ነው» ብሎ አሳቃት። ድንጋዩ በጠይብ ሚዛን ሃያ ሁለት ኪሎ ወጥቷል፤ ካርቶኑ ላይ ከስሟ ቀጥሎ ተጽፏል። ሌት ስትተኛ የምታስበው እሱን ነው፤ አሸዋውን በእጇ ጫር ጫር አድርጋ ስታቆመው፣ አጠገቡ ስትቀመጥ፣ «አባባ፣ ቆየሁብህ» ስትለው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሸራው አለቀ። ጎረቤቷን ባለ ሱቅ ጠርታ አራቱን ጫፍ ከአራት ምሰሶ ጋር አሰሩና ሦስት ባልዲ ውሃ አፈሰሱበት፤ ሸራ ተራ ሥራ የሚፈተነው እንዲህ ነው። ሆዱ ዘርጠጥ ብሎ ወረደ። ሐዋ ከሥሩ ገብታ ተንበርክካ በመዳፏ ስፌቱን ሁሉ ዳሰሰች። አንድ ጠብታ የለም። ውሃውን ደፋች፣ ሸራውን ጠቀለለች፣ ጋሪ ገፊ ጠርታ ሸራውንና በሶውን አስጫነች፤ ድንጋዩን ግን ራሷ ታቅፋ ተከተለችው። እህል በረንዳ ድረስ ሦስት ብር ተባለች፣ በሁለት ተስማሙ።

የጁምዓ ሶላት አልወጣም፤ እህል በረንዳ ጭር ብሏል። ከጠይብ ሚዛን አጠገብ የጉዞው ዕቃ ተከምሯል፤ መቅዘፊያዎች፣ የውሃ ጀሪካኖች፣ ገመድ፣ የፈረንጆቹ ድንኳን፣ አንድ ትልቅ ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን። ጋሽ ካሳ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ዳማ ይመለከታሉ። ሐዋን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ለሰው ብድግ አይሉም ነበር። «ልጄ፣ እንኳን አደረሰሽ» አሉና ሌላ የሚሉት ጠፋባቸው። ጠይብ ደግሞ ቀና ሳይል እርሳሱን ይስላል። ሐዋ ካርቶኑን አየች። ከላይ ወደ ታች አነበበችው። አራቱ ፈረንጆች አሉ፣ ሙናዊር አለ፣ ሁለት ቀዛፊዎች አሉ። ከነሱ በታች ሐዋ ጠሃ ሃምሳ ስምንት የሚለው ላይ ሰረዝ ተሰምሮበታል። ከጎኑ በሌላ እርሳስ፣ «የበረዶ ሣጥን፣ 58» ተጽፏል።

«ጠይብ፣ ይሄ ምንድነው?»

«እትዬ ሐዋ፣ እኔማ…» አለና ጠይብ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካው፣ መልሶ አወጣው። «ትናንት ማታ መጣ። እቴ ትታዋለች፣ ራሷ ናት የላከችኝ አለኝ። ወንድምሽ ነው፣ ምን ልበለው? ሌላ ሰው ቢሆን አልሰርዝም ነበር፣ ወላሂ።»

«ትታዋለች አለ?»

«ትታዋለች አለ።»

ሐዋ ወደ ነጩ ሣጥን ሄዳ ክዳኑን በክርኗ ገፍታ ከፈተችው። ገና በረዶ አልገባበትም፤ የበረዶው ኪሎ እንዲታወቅ ውሃ የሞላ ከረጢት ተቀምጦለታል። ከሥር የቢራ ጠርሙስ ተደርድሯል። ጋሽ ካሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሆነውን ነገሯት። ፈረንጆቹ በበረሃ ቀዝቃዛ መጠጥ ካልተገኘ አንሄድም ብለዋል። ቦታ ደግሞ የለም። ሙናዊር ሣጥኑን ሚዛኑ ላይ አውጥቶ ጠርሙስ ሲጨምር፣ ሲያወጣ፣ ሲጨምር ቆየና ልክ ሃምሳ ስምንት ላይ ሲደርስ «በቃ፣ ልክ ነው» አለ። ሰው ይቀራል፣ መንገድ ይቀራል፣ ይሄ ሁሉ ያለ ነው። ግን እያወጣ እየጨመረ፣ በጠርሙስ ለክቶኝ! ያዘልኩት ልጅ በቢራ መዘነኝ! ድንጋዩን ታቅፋ እንደነበር ያኔ ነው ያስታወሰችው፤ መሬት አስቀመጠችው።

ሶላት ወጣና ሰዉ በአንድ ጊዜ ጎረፈ። ሙናዊር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። እህቱን ከሣጥኑ አጠገብ ቆማ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አንደበቱ ፈጣን ነው፣ ፈረንጅ አስለምዶታል። ክንዷን ይዞ ወደ ጆንያው ጥግ ወሰዳት። «እታለም፣ ልነግርሽ ነበር እኮ፣ አሁን ልነግርሽ ነበር። እነሱ ካልሄዱ ጉዞው የለም፣ ጉዞው ከሌለ አባባም የለም። ደግሞ ለሴት ይከብዳል። እማም ፈርታልሽ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አንቺን ብቻ ይዤ እወርዳለሁ።» ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለው።

«እኔ ትቼዋለሁ ብዬሃለሁ?» አለች።

«ምን አልኩሽ እታለም…»

«ትቼዋለሁ ብዬሃለሁ ወይ?»

የጀለቢያውን እጅጌ አስተካከለ። በሁለት እህትና ወንድም መካከል ያለው ዝምታ ከሁለት ባዕዶች ዝምታ ይከብዳል፤ ባዕድ የሚሸማቀቅበት የለውም። በመጨረሻ ሐዋ ናት የተናገረችው፣ ድምፅዋም ልመና ነበረበት፣ አይካድም። «እሺ። እኔ ልቅር። ድንጋዩ ግን ይሂድ። ሦስተኛው ቀን ዘንባባው ጋ አቁም፣ ራስጌው ላይ ትከለው፣ አንድ ፋቲሐ ቅራለት። ሌላ አልጠይቅህም።» ሙናዊር እጇን ሳመ። «ወላሂ! ወላሂ እታለም፣ በነዚህ እጆቼ! ምን ያለሽ ልበ ሰፊ ሰው ነሽ!» እሷም አመነችው። ምን ታድርግ፣ ሌላ ወደዚያ የሚወርድ ሰው የላትም።

«እንግዲህ ሸራውን እንመዝንና ይለቅ» አለ ሙናዊር፣ አሁን ጮክ ብሎ። ጋሪ ገፊው ጥቅሉን ሚዛን ላይ ጣለው። ጠይብ የሚዛኑን ድንጋይ ገፋ፣ መለስ አደረገ፣ እንደገና ገፋ። «ሠላሳ አራት» አለ ለራሱ። ከዚያ ካርቶኑን አየ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደመረ። «ሙናዊር፣ ይሄ እኮ ሰባት ኩንታል ሞልቷል። ልክ ሰባት። ሸራው የት ተጽፏል?» ሙናዊር ካርቶኑን ነጠቀው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አየ። ሸራው የትም አልተጻፈም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሰው፣ በሶ፣ ገመድ፣ የጫማ ማሰሪያ ሳይቀር ከመዘኑት ሰዎች ወለሉን ማንም አላሰበውም። ቢሾፍቱ ላይም ጆንያውን የደረደሩት ባዶ አጠና ላይ ነበር። ጋሽ ካሳ በምላሳቸው ጠቅ አደረጉ። «መኪና መስሏችሁ ነው። መኪና ሲጫን ካሶኒው አይመዘንም፣ ጭነቱ ነው የሚመዘነው። እኔም ሠላሳ ዓመት ነድቼ ትዝ አላለኝም» አሉ። ከዳር ያለው ሰው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ፣ «እንኳን ባሕር ላይ ሳትሆኑ አስታወሳችሁ» አሉ።

ሙናዊር አልሳቀም። ሠላሳ አራት ኪሎ መውረድ አለበት። ዓይኑ በክምሩ ላይ ዞረ። ሐዋ ዓይኑን ተከትላ አብራው ዞረች፤ ቀዛፊዎቹ፣ ድንኳኑ፣ ውሃው፣ ሣጥኑ። ሣጥኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። አሁን፣ አለች በልቧ፣ አሁን ጠርሙስ ያወርዳል፣ ግማሹን ቢያወርድ ይበቃል። ዓይኑ ከሣጥኑ ተነሣና መሬት ወረደ። ከሷ እግር ሥር ከነጆንያው የተቀመጠው ድንጋይ ላይ አረፈ። ጎንበስ አለ። በነዚያው በማለባቸው እጆቹ አነሣውና ከክምሩ ርቆ፣ ከግድግዳው ሥር፣ የተበሳ ጆንያ ከሚጣልበት ቦታ አስቀመጠው። «ሃያ ሁለት» አለ፣ እሷን ሳያያት። ተመልሶ በሶዋን አነሣ። «ይሄ አሥራ ሦስት ነው። ይኸው ተስተካከለ። ጥራው ጠይብ።»

ጠይብ እርሳሱን ይዞ ቆመ። ሽምብራ የሚነፉት ሴቶች መንፋት አቆሙ። እህል በረንዳ ከጁምዓ በኋላ እንዲህ ጸጥ ብሎ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ጥራው እንጂ!» አለ ሙናዊር። «የጀልባ ወለል፣ ሠላሳ አራት» አለ ጠይብ፣ ልማዱ ጩኸት የሆነው ሰው በሹክሹክታ። «ሠላሳ አራት» አለ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛውን ሳይጠራ ሐዋን አያት። የሱን ዓይን ያዩ ሁሉ ዞረው ሐዋን አዩዋት።

«አትጥራው» አለች ሐዋ።

«ምን?» አለ ሙናዊር።

«አትጥራው ጠይብ። ሦስተኛው አልተጠራም፤ ዕቃው የኔ ነው።» ሄዳ ጥቅሉን ከሚዛኑ ላይ ጎተተችው። ሠላሳ አራት ኪሎ ቀላል አይደለም፤ ጎተተችው፣ ወደቀ፣ ደግማ ጎተተችው። ሙናዊር በሁለት እጁ ያዘው። «አብደሻል እንዴ? ነገ ንጋት ላይ ሰዎቹ ይመጣሉ! ያለ ወለል በምን ልወስዳቸው ነው? ስሜ ይጠፋል እኮ! እታለም፣ እኔን እኮ ነው የምታጠፊው!»

«እጅህን አንሣ።»

«በምን ላይ ላስቀምጣቸው?»

«በበረዶው ላይ!» አለች። ከዚያ ነው ድምፅዋ የተሰነጠቀው፣ በሕዝብ ፊት፣ ሳትፈልግ። «እኔን በቢራ ስትመዝነኝ ዝም አልኩህ። ወንድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አባትህን ከጭነት ስታወርድ ግን ማን ፈቀደልህ? ሣጥኑን አየኸው እኮ! አየኸውና አለፍከው!»

ሙናዊር ወደ ጠይብ ዞረ፤ ጠይብ ካርቶኑን አጠፈ። ወደ ጋሽ ካሳ ዞረ። ሽማግሌው፣ «ሦስተኛው አልተጠራም» አሉ ዝግ ብለው፤ «ያን ዘንባባ የሳልኩልህ ለፈረንጅ ፍል ውሃ ታሳይበት ብዬ አይደለም።» ያኔ ሙናዊር ሸራውን ለቀቀ። ጋሪ ገፊው ሳይታዘዝ ጥቅሉን ጫነ፣ ድንጋዩንም ከግድግዳው ሥር አንሥቶ ጫነ። በሶው እዚያው ቀረ፤ ሐዋ ዞራ አላየችውም።

መንገዱን እንዴት እንደሄደች አታስታውስም። ጋሪ ገፊው ሁለት ጊዜ ሊያናግራት ሞክሮ ተወ። ንዴቷ እስከ በርበሬ በረንዳ ድረስ አብሯት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ንዴቱ ወጣና ሌላ ነገር ገባ። ሸራው በእጇ ነው፣ ድንጋዩ በእጇ ነው፣ ጉዞ ግን የለም። ነገ ማንም ወደ ገደሉ አይወርድም። ጠሃ አሥራ አምስተኛ ዓመቱንም ያለ ጠያቂ ሊጀምር ነው፤ በዚህ ውስጥ የሷም እጅ አለበት። በርበሬው ዓይኗን ያቃጠላት መስሎ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ደግሞ ጠረገች። ሰው ቢያያት በርበሬ ነው ይላል፣ ደግ ሆነ።

ቤት ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሆኗል። «የት ይውረድ እትዬ?» አለ ጋሪ ገፊው፣ ድንጋዩን ታቅፎ። ሐዋ ቤቱን አየችው። ለመቃብር ድንጋይ የሚሆን ቦታ ቤት ውስጥ የት ይኖራል? «እዚያ» አለች፣ በሙናዊር ክፍል በኩል፤ «አልጋው ላይ።» ሰውዬው መሐል አልጋው ላይ አስቀመጠው፤ ፍራሹ ሰመጠ። ብሩን ተቀብሎ ወጣ። ከራስጌው በኩል ሰደርያውና የሲሚንቶ ከረጢቱ እንዳሉ ናቸው። ዛሬ ሙናዊር ሊተኛ ሲመጣ አባቱን በእጁ ማንሣት አለበት፤ ማንሣቱን እንደሆነ ለምዶታል።

እናቷ ግድግዳውን እየዳበሰች ከመጋረጃው ወጣች። «ምን አስገባሽ?» አለች።

«አባባን ነው። ከጭነት ወርዶ ነው።»

ማሂራ ቆመች። ሁሉም ገባት፤ የደከመው ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ አይደለም። «ለሱ እንጀራው ስለሆነ ነው፣ ሐዋ» አለች ቆይታ። «ልጁ ይኑርበት ብዬ ነው። የሞተውማ…» ሐዋ ሸራውን በሩ አጠገብ ከግድግዳ ጋር አስደግፋ ከፊቱ ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ ከጣቶቿ ላይ የደረቀውን ሰም በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች። ማሂራ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች። ጆንያውን ገለጠችና ድንጋዩን በመዳፏ ዳበሰችው፣ እንደ ሕፃን ራስ።

«ስሙ አለበት?» አለች።

«አለበት።»

«የቱ ጋ ነው?»

ሐዋ ቀና አለች። ጠዋት የሰማችው ድምፅ ይኸው ራሱ ነው። «ሙናዊርን ጠይቂው» አለች፤ «እሱ ይነግርሻል።»

የማሂራ ጣቶች ድንጋዩ ላይ ቀሩ፤ ከዳር ወደ ዳር፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሸካራውን ሁሉ ፊደል እየመሰላት ቀስ ብላ ፈለገች። ስሙ ያለው ከሥር ነበር፣ ፍራሹን ተጭኖ በተኛው በኩል። ሐዋ እያየቻት ተቀመጠች። ተነሥታ አላገለበጠችላትም።